እስከ አንዱዓለም አርባ

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ዛሬ ድንኳኑ ፈረሰ። ሰባቱ ትናንት ስለነበር የዕድር ሰዎች በጠዋት መጥተው ሸራውን ጠቀለሉ፣ አግዳሚዎቹን ተሸክመው ሄዱ። ግቢው በአንድ ጊዜ ሰፊ ሆነ። ሰፊ መሆኑን ጠላሁት።

ይህ የኬሚስትሪ ደብተሬ ነበር። የተጻፈባቸውን ገጾች ቀድጄ ጣልኳቸው። ለሰው የማልናገረው ነገር በዝቶብኛል። እዚህ ላይ ካላራገፍኩት አፌ ባላሰብኩት ሰዓት የሚከፈት ይመስለኛል።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ወንድሜ አንዱዓለም ጥቅምት 13 ቀን ሞተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። እዚሁ ደባርቅ፣ ከጋሽ ባሽር ሻይ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ከጓደኛው ከደርቤ ጋር ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር። የገደለው የጋሽ ባሽር ጁክቦክስ ነው፤ ሳንቲም ሲጎርስ ሸክላ መርጦ የሚያጫውት፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ዕቃ። አባታቸው በጃንሆይ ዘመን ከአስመራ በጭነት መኪና፣ በሊማሊሞ አውጥተው ያመጡት ነው ይባላል። ብዙ ዓመት ሳይሠራ ኖሮ አንዱዓለም አስነሣው። ግን ድምፁ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ጥፋቱን ለማግኘት የድምፅ ማጉያውን፣ አምፕሊፋየሩን፣ ከሣጥኑ ሆድ አውጥቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ሲሠራ ኤሌክትሪክ ያዘው።

ሰው የሚለው እንዲህ ነው። ያን ቀን መብራት ገና በጠዋቱ ጠፍቷል። አንዱዓለም መብራት የለም ብሎ ሁለት እጁን አስገባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ሰዎች ሮጠው ሲገቡ ደርቤ የማጉያውን ሶኬት በእጁ ይዞ ቆሟል። ስለዚህ የሰካው ደርቤ ነው። ደርቤ፣ «ላድነው ነቀልኩት እንጂ አልሰካሁትም» ብሎ ማለ። ፖሊስም ሁለት ቀን አቆይቶ፣ አደጋ ነው ብሎ ለቀቀው።

አጎቴ የሺዋስ ግን አልለቀቀውም። አጎቴ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው፣ ከዳባት በላይ ያለ ገበሬ። አባታችን በሕይወት ስለሌለ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ነው ያለው። ትናንት ሽማግሌዎች ሲለምኑት በድንኳኑ ሰው ፊት ተነሥቶ፣ «እስከ አርባው ቃል አልሰማም። ከአርባው ወዲያ ደሜን የት እንደማገኘው አውቃለሁ» አለ።

አርባው ኅዳር 22 ነው።

ደርቤ አዲ አርቃይ፣ አክስቱ ዘንድ ወርዷል አሉ። ይሁን። እዚያው ቢቆይ ይሻላል።

ስልኬን ያን ዕለት በእጄ ያስያዘኝ ደርቤ ነው። እስካሁን አልከፈትኩትም።


ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

አክስቴ ከጎንደር ስትደውል አላገኘችኝም። እማዬ፣ «ስልክህ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ተበላሽቷል።»

«የጠጋኝ ወንድም ሆነህ!» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ስልኩ አልተበላሸም። ባትሪው ነው ያለቀው።


ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

አቶ ያርጋል ዛሬም በራችን ላይ ቆመዋል። የደርቤ አባት ናቸው። ሰባ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም። በየጠዋቱ ይመጣሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከአጥሩ ውጭ ይቆማሉ። አይገቡም፣ አይጣሩም። ፀሐይ ሞቅ ስትል ይሄዳሉ። እማዬ ወጥታ አታያቸውም። «ውሻውን እሰረው» ብቻ ትለኛለች።

ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በአጠገባቸው ማለፍ ነበረብኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ። ከዚያ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጥኩ። ማንም አላባረረኝም።

አጎቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን በዘይት ጨርቅ ይወለውላል። የሚተኛው በአንዱዓለም አልጋ ላይ ነው። ጠመንጃው በእሱና በእኔ መካከል ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ጠመንጃውን ነው።


ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ፊዚክስ። ቲቸር ሀብተ ሚካኤል ስለ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ስለሚይዘው ዕቃ፣ ሲያስተምር እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ አንድ ዕቃ መብራት ከተቋረጠበት በኋላ ካፓሲተሩ ለስንት ሰዓት ያህል ሰው ሊገድል ይችላል?»

ከኋላ አንዱ፣ «ሊሞክረው ነው መሰለኝ!» ብሎ ሳቀ። ጎኑ ያለው ልጅ በክርኑ ጎሸመው። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ አስታወሰና ወደ ደብተሩ አቀረቀረ።

ቲቸር ጠመኔውን አስቀመጠ። «እንደ አሠራሩ ነው፣ ሕሩይ። የያዘውን የሚለቅ ማፍሰሻ ከሌለው ቀኑን ሙሉ ሊይዝ ይችላል። ማፍሰሻ ካለው ወዲያው ባዶ ይሆናል።»

ቀኑን ሙሉ። አንዱዓለም መብራት ከመጥፋቱ በፊት ማጉያውን ሲያስነሣው ነበር አሉ። ያን ሁሉ ሰዓት ይዞ ከቆየ የገደለው ማጉያው ራሱ ነው። ማንም አልሰካም፣ ማንም አልተጫነም። ይህን በአጎቴ ፊት ለክቼ ባሳየው ለደርቤም ይበጀዋል።

ለደርቤ ብዬ ነው።


ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሻይ ቤቱ ስገባ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ማየት ጀመረ። የጋሽ ባሽር ሚስት፣ እትዬ ረህማ፣ ሳልጠይቃት ሻይ አመጣችልኝ። ስኳሩን ሦስት ማንኪያ አድርጋበታለች።

የጥገና ሱቁን ቁልፍ የያዙት ጋሽ ባሽር ናቸው። «ዕቃውን ለቁራሌው ልሰጠው ነው» አሉኝ። «እዚህ ቆሞ እያየሁት እንቅልፍ የለኝም።»

«እስከ አርባው ያቆዩት፣ ጋሽ ባሽር። ወንድሜ የጀመረውን ልየው።»

«አንተ ልጅ፣ እናትህ አንድ አንተ ነህ የቀረሃት።»

«አልነካውም። አየዋለሁ ብቻ።»

«ወንድምህም እንደዚሁ ነበር የሚለኝ። ‹አየዋለሁ ብቻ፣ ጋሽ ባሽር።›» ቁልፉን በመዳፋቸው ውስጥ አገላበጡት። በመጨረሻ ሰጡኝ። «በሩን ከፍተህ ነው የምትሠራው። ረህማ በየመሃሉ ስምህን ትጠራለች። ካልመለስክ ቆጣሪውን አጠፋለሁ።»

ጠረጴዛው እንደነበረ ነው። የብየዳ ካውያው፣ ካቻቢቴው፣ ግማሽ የተበላ ብስኩት። ዲቫይደሩ ግድግዳው ሥር ነው፤ ስድስት ሶኬት የሚያስገባ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ማብሪያ ያለው። እሱን አላየሁትም። ማለት፣ አየሁትና ቶሎ ዓይኔን አነሣሁ።


ኅዳር 1፣ ሰኞ

አንዱዓለም የሞከረውን ሁሉ በካርቶን ቁራጭ ላይ ይጽፍ ነበር። አገኘሁት።

«ጠዋት ሲበርድ ድምፅ የለም። ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ቫልቮቹን አጸዳሁ፣ ቀያየርኩ፤ ያው ነው። ስፒከሩን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ማጉያውን አውጥቼ ብየዳውን አንድ በአንድ ልየው።»

እዚህ ላይ ያበቃል።


ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ዛሬ ማጉያውን አስነሣሁት። መጀመሪያ ማብሪያው መጥፋቱን አምስት ጊዜ አየሁ። ከዚያ ሶኬቱን ሰካሁና ወደ በሩ ሸሸሁ። ከዚያ ሆኜ በመጥረጊያ እንጨት ቀዩን ማብሪያ ተጫንኩ። ሲበራ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ቫልቮቹ ቀስ እያሉ ቀሉ። ትንንሽ አምፖል ነው የሚመስሉት። ከውስጥ እንደ ንብ ቀፎ ያለ ድምፅ ይመጣል። ወንድሜ በመጨረሻ የሰማው ይህን ይሆን?

«ሕሩይ!»

«አለሁ።»

«ሕሩይ!»

«አለሁ፣ እትዬ!»

ሁለተኛ የጠራችኝ የመጀመሪያው መልሴ ከአፌ ስላልወጣ ነው።


ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ለካሁት።

የቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ አንዱን ገመድ ከማጉያው ብረት ጋር አሰርኩ። ሌላውን በቀኝ እጄ ካፓሲተሩ ላይ ይዤ ግራ እጄን ኪሴ ከተትኩ። አንዱዓለም ነው ያስተማረኝ። «መብራት በደረትህ በኩል እንዳያልፍ አንዱ እጅህ ሥራ ፈት ይሁን» ይለኝ ነበር። ያን ቀን ራሱ ሁለቱንም አስገባ፤ መብራት የለማ።

ቴስተሩ ሦስት መቶ አሥር ቮልት አለ። ማብሪያውን በመጥረጊያው አጠፋሁ። ሁለት መቶ ሰባ። መቶ ሃያ። አርባ። ስምንት። ዜሮ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ደገምኩት። ሠለስኩት። ያው ነው።

ጠጋ ብዬ ሳይ ከካፓሲተሩ ጎን አዲስ ማፍሰሻ ተበይዷል። ብየዳው ክብና ንጹሕ ነው፤ የአንዱዓለም እጅ ነው። ዕቃው ማንንም እንዳይጎዳ ብሎ የጨመረው ነው።

ስለዚህ ማጉያው ባዶ ነበር። ጠዋት ባዶ ሆኖ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶውን ተቀምጧል። ወንድሜን የገደለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጣው መብራት ነው። ያ መብራት በዲቫይደሩ ነው ያለፈው።

አጎቴ እያንኮራፋ ነው። አሁን ልጻፈው።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ሱቁ ጎራ አልኩ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ደርቤ ፊት ለፊት ባለው መስኮት ደንበኛ ያነጋግራል። አንዱዓለም ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። የማጉያው ሶኬት ዲቫይደሩ ላይ ነበር፤ ማብሪያው ጠፍቶ ነበር። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔ ቻርጀሬን ከጎኑ ሰካሁና ማብሪያውን ተጫንኩ። መብራት ሲመጣ እንዲሞላልኝ ነው። በደባርቅ መብራት ሲጠፋ ስልኩን ሰክቶ የማይጠብቅ ማን አለ? መብራት ስለሌለ ቀዩ አልበራም። አንድ ነገር እንዳደረግሁ እንኳ አልታወቀኝም። ኳስ ስለነበረን እየሮጥኩ ወጣሁ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ነበርን ሲጠሩኝ።

ደርቤ የማጉያውን ሶኬት ሲነቅል ስልኬንም ከቻርጀሩ ጋር ነቅሏል። ሰው ሳይደርስ ኪሱ ከቶታል። ፖሊስ እሱን ይዞት ከመሄዱ በፊት፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ በእጄ አስያዘኝና ጣቶቼን በላዩ አጠፋቸው።

ስለዚህ ያውቃል።


ኅዳር 7፣ እሑድ

የትናንቱን ገጽ ልቀደው ብዬ ተውኩት። ደብተሩን ገብስ ጆንያ ውስጥ ደበቅኩ። እማዬ ስትሰፍር ብታገኘውስ? አወጣሁት። አሁን ሸሚዜ ውስጥ ነው። ቅዳሴ ላይም እዚያው ነበር። ሰው ሁሉ ደረቴን የሚያይ መሰለኝ።


ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ጋሽ ባሽር ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «ከአዲ አርቃይ ነው» ብለው ወደ ውጭ ወጡ።

«ሕሩይ?»

ድምፁን አወቅሁት። «አቤት፣ ደርቤ።»

«እናትህ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

«አባቴ እዚያ እየመጣ ይቆማል አሉ። እውነት ነው?»

«አዎ።»

«በዚያ ብርድ!» ከበስተጀርባው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። «ስማ። እኔ አልናገርም። አንድ ልጇን ቀብራ ሌላውን ከእኔ አፍ እንድታጣው አልፈልግም። ግን እኔም እናት አለችኝ፣ ሕሩይ። ሰው ሲገባ ከበር ኋላ እየተደበቅኩ ነው። አጎትህ የላከው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ደርቤ…»

«ገባህ?»

«ገባኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አይናገርም! ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ በኋላ ነው የመጣው።


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ማጉያውን መተው አልቻልኩም። አሁን የማረጋግጠው ነገር የለም። ብቻ አንዱዓለም ምን ሲፈልግ እንደሞተ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከቤት መውጫም ነው፤ አጎቴ ቤት ውስጥ ቀን ይቆጥራል። «ዘጠኝ ቀረው» አለ ዛሬ ቁርስ ላይ፣ ለማንም ሳይሆን።

አንዱዓለም እንዳስተማረኝ ማጉያውን በእርሳስ ጫፍ መታ መታ አደረግኩት። አንድ የላላ ቦታ ካለ ስትነካው ድምፁ ይንኮሻኮሻል። እያንዳንዱን ቫልቭ፣ እያንዳንዱን ብየዳ። ምንም። አንድም የላላ የለም። ወንድሜ ሁሉንም አጥብቆታል።

«ሕሩይ!»

«አለሁ!»


ኅዳር 15፣ ሰኞ

የሒሳብ ፈተና። ስሜን ብቻ ጽፌ ወጣሁ። አቶ ያርጋል ዛሬ ሲያስሉ ሰማሁ። ጾም ገባ።


ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ጥፋቱን አገኘሁት።

ከትናንት ወዲያ ማጉያውን ወደ ጁክቦክሱ መልሼ ነበር፤ ምናልባት ጥፋቱ ሌላ ቦታ ይሆናል ብዬ። ስፒከሩ ላይ የአንዱዓለምን ጋቢ ከምሬያለሁ። ኀዘን ላይ ዘፈን አይከፈትም፣ ያውም የወንድም ኀዘን። ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ውርጭ ነበር። ሸክላው ይዞራል፣ መርፌው ተቀምጧል፣ ድምፅ የለም። የድምፁን መጠን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። የለም።

ያኔ ነው ሸክላውን የሚያነሣውን ክንድ ሥሩን ያየሁት። ሁለት ስስ የናስ ምላሶች አሉ። ሸክላ ሲለዋወጥ ይገጥሙና ድምፁን ያፍናሉ። ሸክላው ቦታውን ሲይዝ ይላቀቁና ድምፁን ይለቁታል። ዛሬ ግን አልተላቀቁም። ላያቸው ላይ ያረጀ የግራሶ ቅባት አለ፤ በብርዱ እንደ ሰም ደርቆ አጣብቋቸዋል። ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ድምፁ የሚመጣውና የሚሄደው በዚህ ነው። ማጉያው ምንም አልነበረበትም። ወንድሜ ጤነኛ ማጉያ ከፍቶ ነው የሞተው።

በእርሳሱ ላላ አደረግኳቸው።

የድምፁን መጠን እስከ ጫፍ ከፍቼው እንደነበር ረስቻለሁ። ዘፈኑ ሰፈሩን ሞላው። ጋቢው ምን ያደርጋል! ማሲንቆውም ከበሮውም በአንድ ጊዜ ወጣ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ። ማጥፊያውን እስካገኝ አንድ አዝማች ሙሉ ዘፈነ።

ወሬው ቤታችን የደረሰው ተለውጦ ነው። ደርቤ ተመልሶ ሱቁን ከፍቶ እያስጨፈረ ነው ተባለ። አጎቴ ጫማውን ሳያጠልቅ፣ ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ጋሽ ባሽር በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«የሺዋስ! የእህትህ ልጅ ነው! በአላህ፣ የእህትህ ልጅ ነው!»

ገፍቷቸው ገባ። አፈሙዙ ወደ እኔ ነበር። ቀዳዳው እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ዘፈን የከፈትከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ። ልጠግነው ብዬ ነው።»

ሁለት ጊዜ «እኔ ነኝ» ብያለሁ። ሦስተኛውም አፌ ላይ ነበር። እሱን ግን ዋጥኩት።

አጎቴ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ጠረጴዛውን ተደገፈ። የአንዱዓለምን ካውያ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ያን ልጅ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «ዛሬ ከአርባው በፊት አድርጌው ነበር።» ከዚያ ወጣ። ድንጋዩን በባዶ እግሩ ሲረግጥ ያነክስ ነበር።

ሊገድል የመጣው ደርቤን ነው። እኔን ሲያየኝ ዝቅ አደረገው።


ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ትምህርት ቤት በር ላይ፦ «ዲጄ! ለአርባው ምን ትከፍታለህ?» አልመታሁትም። የመምታት መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

እማዬ ስለ ዘፈኑ አንድ ቃል አልተናገረችም። የአንዱዓለምን ጋቢ አጥባ አሰጣችው።


ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

አጎቴ ለማክሰኞ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ መኪና ላይ ቦታ ይዟል። ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ። «ተው፣ አያ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን ኃይል አልነበረውም።

ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ገብረ ኪዳን ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥግ፣ ከወይራው ሥር ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ዓይናቸውን አልገለጡም።

«አውቀህ አላደረግከውም» አሉ።

«አላወቅሁም፣ አባቴ።»

«ይህን እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ቀናትስ?»

ጉልበታቸውን ያዝኩ።

«አባቴ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ። ለአጎቴ ይንገሩልኝ።»

«የንስሐ ቃል ከእኔ አይወጣም፣ ልጄ። ብሞትም አይወጣም። ሽማግሌዎቹ በአርባው ዕለት ያርጋልን ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ከአንተ አፍ ነው ያለው።» እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ፤ እጃቸው ከበደኝ። «ፈርተሃል?»

«በጣም።»

«ፍራ። እየፈራህ ተናገር።»


ኅዳር 21፣ እሑድ

ጽዮን ማርያም። ሰው ነጭ ለብሶ ወረደ። ነገ ነው። አልበላሁም። ብጠፋስ? በጎንደር መኪና። እማዬ ሁለተኛ ልጅ አጣች ይባላል። ደርቤ ደግሞ ማክሰኞ። ነገ ነው።


ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ሁለት ቀን አልጻፍኩም።

ሰኞ ሌሊት ፍትሐቱ ደረሰ፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ወደ ግቢያችን መጣ። ካህናቱ ዳስ ውስጥ ተቀመጡ። እኔ በሳህን ሽሮ አቀርብ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። በመካከላቸው አቶ ያርጋል ነበሩ። ማጅራታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመዋል፤ በሁለት እጃቸው ይዘውት እስከ ወገባቸው ጎንበስ ብለዋል። የበደለ ቤተሰብ ይቅርታ ሲጠይቅ የሚያደርገው ነው። የተበደለው «አውርዱ» እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድም።

«ስለ አምላክ» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «ስለ ጽዮን ማርያም። ስለ ሟቹ ነፍስ።»

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የአቶ ያርጋል እግር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከአፍንጫቸው ጫፍ ላብ ሲንጠባጠብ ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። ከዳሱ ሰው «አውርዱ በላቸው፣ የሺዋስ» የሚል ድምፅ መጣ። አጎቴ አላለም።

ሳህኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ሄጄ ድንጋዩን ያዝኩ። አቶ ያርጋል አልለቀቁልኝም፤ ላወርድላቸው የመጣሁ መስሏቸው ነው። «አባባ፣ የእርስዎ አይደለም» አልኳቸው። «የእኔ ነው፤ ይስጡኝ።» ማጅራቴ ላይ አድርጌው ወደ አጎቴ ዞርኩ። መሬቱን ብቻ ነበር የማየው፤ መሬቱንና የአጎቴን እግር።

«ማብሪያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ፣ አያ። ስልኬ እንዲሞላ። ደርቤ አልሰካም። ደርቤ ነቀለ።»

«ኀዘን ነው የሚያናግረው!» አለች አንዲት ሴት። «ውኃ ስጡት!»

«ኀዘን አይደለም። ማጉያው ባዶ ነበር፤ በቴስተር ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። አንድ ደቂቃ አይቆይም። መብራት ሲመጣ በእኔ ማብሪያ ነው የገባው። ስልኬን ደርቤ ደብቆ ሰጠኝ። ሁሉንም ያውቃል፤ ስለ እናቴ ብሎ ነው ዝም ያለው።»

አባ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የአጎቴ እግር ወደ እኔ መጣ፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት። መጀመሪያ የሚመታው ራሴን ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«ስልክህን» አለ።

«ስልኬን።»

ድንጋዩ አንገቴን ይፈጨው ጀመር። ከዚያ እጆቹ መጥተው አነሡት። ሳይወረውረው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። «የማንን ደም ልጠይቅ?» አለ፤ ለሽማግሌዎቹ ይሁን ለእግዚአብሔር አላውቅም። ወደ ቤት ገብቶ ጠመንጃውንና በትሩን ይዞ ወጣ። ሳይበላ፣ ማንንም ሳይሰናበት፣ በእግሩ ወደ ዳባት ሄደ። በእግር ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

አቶ ያርጋል ከጎነበሱበት እንዲቃኑ ሰው ደገፋቸው። ጋሽ ባሽርን ስልክ ለመኗቸው። የተናገሩት አንድ ቃል ነው። «ደርቤ፣ ና።» ከዚያ ስልኩን ደረታቸው ላይ ይዘው አለቀሱ።

ትናንት አጎቴ የያዘው መኪና ያለ እሱ ወደ አዲ አርቃይ ወረደ። ማታ ደርቤ መጣ አሉ። አላየሁትም። እንዴት እንደማየው አላውቅም።

እማዬ ከሰኞ ጀምሮ አላናገረችኝም። አታየኝምም። ምግቤን መሶቡ ላይ ትታልኝ ትወጣለች። ጎረቤት ሲመጣ ከእኔ ፈቀቅ ብላ ትቀመጣለች። ከአጎቴ ጠመንጃ ይልቅ ይህን ነው ስፈራ የኖርኩት። አሁን ውስጡ ሆኜ ሳየው እንደፈራሁት ነው።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስገባ መደቡ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። ወደ ውስጥ ልገባ ስል፣

«ስትወጣ ምን አለህ?» አለችኝ። ወደ በሩ ነበር የምታየው።

«ማን?» አልኩ፤ ማን እንደሆነ እያወቅሁ።

«ወንድምህ። ስልክህን ሰክተህ ስትወጣ።»

‹ስካው አለኝ› ማለት እችል ነበር። ‹አየኝና እሺ አለኝ› ብላት ለእሷም ለእኔም ይቀል ነበር። ማንም አይቶ አይመሰክርብኝም። በእነዚህ አርባ ቀናት ራሴን እንደዚያ ላሳምነው ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ።

«ምንም አላለኝም» አልኳት። «ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። እኔም ምንም አላልኩትም።»

«ምን ይሠራ ነበር?»

«አንድ ነገር ይፈታ ነበር። እያፏጨ።»

«ያፏጭ ነበር?»

«አዎ።»

እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። «ደስ ብሎት ነበር ማለት ነው» አለች ከነጠላዋ ሥር።

አላቀፈችኝም። ግን መደቡ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ተወችልኝ። ተቀመጥኩ።